ከመፈረም በፊት ደንቡን ጠይቁ

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ዕድሜያቸው 55 ዓመት ለሞላ ሰዎች የተለዩ የአሜሪካ መንደሮችን ጸጥታና መዋኛ ገንዳ አወድሶ ደንባቸውን በአንድ መስመር አለፈው። እኔና ባለቤቴን ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ለመግዛት ስናስብ ያከራከረን ግን ደንቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ሰው ከሚኖርባቸው ቤቶች ቢያንስ በ80 በመቶው አንድ 55 ዓመት የሞላው ነዋሪ እንዲኖር ይጠይቃል፤ የቀረውን በአብዛኛው መንደሩ ራሱ ይወስናል። ብዙዎቹ የልጅ ልጅ በዓመት ስንት ቀን ማደር እንደሚችል ሳይቀር ገድበዋል። ታዲያ ልጃችን ወልዳ ለአራስነት እናቷ ዘንድ ብትመጣ፣ ገንፎ እያገነፋን ቀን ልንቆጥር ነው? ቤቱን ለልጅ ማውረስ ይቻላል፤ ወራሹ ዕድሜው ካልደረሰ ግን ገብቶ መኖር ላይፈቀድለት ይችላል። የባንክ ዕዳ ቢያልቅም መንደሩን ለሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚከፈለው ወርሃዊ ክፍያ አያልቅም፤ ጣሪያ ወይም መንገድ ሲታደስ ደግሞ ተጨማሪ ሊመጣ ይችላል። ደረጃ የሌለው ቤትና በረዶ የሚጠርግልን ሰው ማግኘቱ፣ አልዋሽም፣ ጉልበቴን ያስጎመጀዋል። ባለቤቴ በበኩሏ ቡና ሲፈላ የሕፃን ድምፅ የማይሰማበት ሰፈር አልገባም ብላለች። ስለዚህ ለጊዜው የምንፈልገው ከልጃችን ቤት በእግር የሚደረስበት፣ አሳንሰር ያለው አፓርታማ ነው።