«ምንም አልበሉም?» «የስ!»

ባለፈው ጊዜ፣ እዚህ አሜሪካ፣ እናቴን ለጨጓራ ምርመራ ወሰድኳት። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በጉሮሮ የሚገባበት፣ ኢንዶስኮፒ የሚሉት ነው። ማደንዘዣ ስላለው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምግብ አይቀመስም። ቀጠሮውን ለማግኘት ሁለት ወር ጠብቀናል። እኔም ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። የማይከፈልበት ፈቃድ።

እሷን በር ላይ አውርጄ መኪና ላቆም ሄድኩ። ስመለስ ነገሩ አልቋል። ነርሷ «እናትሽ በልተው ስለመጡ ዛሬ አይሠራላቸውም» አለችኝ።

ዞር ብዬ «እማዬ፣ በላሽ እንዴ?» አልኳት።

«እኔ? ረቡዕ ጠዋት? ምን ነካሽ!»

የተጠየቀችው ይሄ ነው፦ «ዩ ሃቭንት ኢትን ኤኒቲንግ ሲንስ ሚድናይት?» እናቴ ደግሞ ጥያቄው ገብቷታል። ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ስትማር የኖረች ሴት ናት። ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ምንም አልበሉም ነው የሚሉኝ ብላ፣ በኩራት «የስ» አለች። አዎ፣ አልበላሁም። ነርሷ የሰማችው ግን «አዎ፣ በልቻለሁ» የሚለውን ነው።

አስረዳሁ። ለመንኩ። ነርሷ ክፉ ሰው አይደለችም። ግን መዝገቡ ላይ አንዴ ሰፍሯል፣ ተራው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። አዲሱ ቀጠሮ ከአምስት ሳምንት በኋላ ሆነ። እናቴ መኪና ውስጥ ሆና ደጋግማ «አዎ አልኩ እኮ! ታዲያ ምን ልበል?» ትለኝ ነበር። እኔም መልስ አልነበረኝም።

እኛ አገር «አልበላህም?» የተባለ ሰው «አዎ፣ አልበላሁም» ይላል። ከበላ ደግሞ «ኧረ በልቻለሁ» ይላል። የእኛ «አዎ» የሚስማማው ከጠያቂው ንግግር ጋር ነው። ያልከው ልክ ነው ማለት ነው። የእንግሊዝኛው «የስ» ግን የጠያቂውን አነጋገር አያይም። በልተህ እንደሆነ «የስ»፣ ካልበላህ «ኖ»፣ አለቀ። ጃፓኖች እንደኛ ናቸው ይባላል፤ የእነሱም «ሃይ» እንደ «አዎ» ነው። ፈረንሳዮች «አልበላህም?» ሲባሉ «ኧረ በልቻለሁ» ለማለት «ሲ» የሚል፣ ጀርመኖች ደግሞ «ዶኽ» የሚል የተለየ ቃል አላቸው። ራሱ እንግሊዝኛም ድሮ አራት ቃል ነበረው። ለተራ ጥያቄ «ዬይ» እና «ኔይ»፣ «አል…ም» ላለበት ጥያቄ «የስ» እና «ኖ»። እ.ኤ.አ. በ1532 እንግሊዛዊው ምሁር ቶማስ ሞር የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚውን ዊልያም ቲንዳልን «ኖ» እና «ኔይ» የሚሉትን አደባልቀሃል ብሎ በጽሑፍ ወቅሶታል። በኋላ «ዬይ» እና «ኔይ» ከዕለት ንግግር ወጡ፤ «የስ» እና «ኖ» ብቻቸውን ቀሩ። የጎደለው ነገር ዕዳው እናቴ ላይ ወደቀ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ትምህርት ቤታችን ነው። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምረን ተማርን። ከ9ኛ ክፍል ወዲያ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። ሰሌዳው ላይ «ሰብጀክት ፕላስ ሃቭ ፕላስ ፓስት ፓርቲሲፕል» ተጽፎልን በቃላችን ይዘናል። አክቲቩን ወደ ፓሲቭ ስንቀይር ኖረናል። «ኢዝንት ኢት» እና «ሃቭንት ዩ» የት እንደሚገቡ ተፈትነን አልፈናል። ግን አንድ አስተማሪ እንኳን «ለዚህ ጥያቄ ‹አዎ› ብትሉ ፈረንጅ የሚሰማው ተቃራኒውን ነው» አላለንም። ባዶ ቦታ ሙላ ነበር ሥራችን። ሰው ጠይቆን መመለስ የሚባል ፈተና አልነበረም።

አንድ ጊዜ ባቡር ውስጥ አንዲት አሮጊት አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር እያየች «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሲት ሂር?» አለችኝ። እዚህ ብቀመጥ ቅር ይልሻል? ነው ነገሩ። እኔ ፈገግ ብዬ «የስ» አልኳት። ይቀመጡ ማለቴ ነው። ቅር ይለኛል እንዳልኳት የገባኝ ቆማ ስትሄድ ነው። ያቺ ሴት ስለ እኔ ምን ብላ ወደ ቤቷ እንደገባች ሳስብ አሁንም ይከፋኛል።

በዚያ ላይ ያስፈራሩን የነበረው ፕረዘንት ፐርፌክት፣ ያ «ሃቭ» ያለበት የግሥ ዓይነት፣ ቤታችን ውስጥ ያለ ነገር ነው። «በልቻለሁ»፣ «መጥቷል»፣ «ደርሰናል» በየቀኑ እንላለን። ይሄን ያወቅሁት እናቴን ለዜግነት ቃለ መጠይቅ ሳስጠና ነው። ማመልከቻው፣ ኤን-400 የሚባለው፣ «ሃቭ ዩ ኤቨር» እያለ የሚጀምር ጥያቄ በጥያቄ ነው። ተይዘህ ታውቃለህ? ለምርጫ ተመዝግበህ ታውቃለህ? እናቴ «ኤቨር» የምትለው ቃል ጠፍታባት ተቸግራ ነበር። አንድ ማታ ቡና እያፈላች «ኤቨር ማለት እኮ ‹ታውቂያለሽ› ነው» አልኳት። «ካናዳ ሄደሽ ታውቂያለሽ? ታስረሽ ታውቂያለሽ?» ረከቦቱን አስቀምጣ አየችኝ። «ይቺ ናት እንዴ?» አለች። ስድስት ዓመት ያልገባት በአንድ አረፍተ ነገር ገባት። በአማርኛ ያልነገሯት ለምንድን ነው?

አስተርጓሚም ነበር። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው የቋንቋ እርዳታ ማቅረብ አለበት። በስልክም ቢሆን ያገናኙሃል። እናቴ ግን «ለዚህች ለዚህች?» ብላ እንቢ አለች። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ በራሷ መናገሯ። አሁን ያ ደስታ ይቆጨኛል። የእናቶቻችን እንግሊዝኛ ጥሩ በሆነ ቁጥር የሚጠየቁት በፍጥነት ነው፤ የሚሳሳቱትም እንዲህ ባለች ትንሽ ቃል ነው። ጨርሶ የማትችል ብትሆን ኖሮ አስተርጓሚው ይመጣ ነበር፣ ምርመራውም ይሠራ ነበር።

አምስቱን ሳምንት «የስ» እና «ኖን» አስጣልኳት። ሙሉውን በዪ፣ አልኳት። «አይ ዲድ ኖት ኢት።» ሽንኩርት እየከተፈች፣ ልብስ እያጠፈች ትለማመደው ነበር። መንገድ ላይም መኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ አለችው።

በቀጠሮው ቀን የመጣችው ሌላ ነርስ ናት። ወጣት ናት፣ አትቸኩልም። ወንበሯን ወደ እናቴ ጠጋ አድርጋ «መጨረሻ የበሉት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። «የስተርዴይ። ዲነር» አለች እናቴ። ነርሷ ጻፈች። ምርመራው ተሠራ፤ ከእንቅልፏ እስክትነቃ ድረስ አንድ ሰዓት አልፈጀም።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ዝም ብላ በመስኮት ታይ ነበር። ሃይዌዩን ስንይዝ ነው የተናገረችው።

«የዛን ቀንም እንዲህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»