አቅም የጎደለው ማን ነው?

ሰሞኑን ስለ ገጠር ኢኮኖሚ በተካሄደ ውይይት አንድ የለጋሽ ድርጅት ኃላፊ የተናገሩትን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ገንዘቡ በቀጥታ ለገጠርና ለነባር ሕዝቦች ማኅበራት የማይሰጠው የማስተዳደር አቅም ስለሌላቸው ነው አሉ። ይህን ሲሉ አልተሸማቀቁም፤ ማስረጃም አላቀረቡም።

እ.ኤ.አ. በ2021 በግላስጎው የአየር ንብረት ጉባኤ ለጋሾች ለእነዚሁ ማኅበረሰቦች የመሬት መብትና የደን ጥበቃ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገብተው ነበር። ራሳቸው ባወጡት ሪፖርት መሠረት በመጀመሪያው ዓመት ከተከፈለው ገንዘብ በቀጥታ ለማኅበረሰቦቹ ድርጅቶች የደረሰው 7 በመቶ ብቻ ነው። በቀጣዩ ዓመት ወደ 2.1 በመቶ ወረደ። ገንዘብ በእጁ ያልገባ ማኅበር ገንዘብ ማስተዳደሩን በምን ያሳይ? ልምድ የለህም ተብሎ ይከለከላል፤ ስለተከለከለም ልምድ የለውም ይባላል። ይህ የብልጣብልጥ ፍርድ ነው።

ኃላፊው አቅም ማየት ከፈለጉ በአሜሪካ ዊስኮንሲን የሚኖሩትን የሜኖሚኒ ሕዝቦች ይመልከቱ። ከ1854 ጀምሮ ከደናቸው፣ ቦርድ ፉት በሚባለው የእንጨት መለኪያ፣ ከ2 ቢሊዮን በላይ እንጨት ቆርጠዋል። ሆኖም ዛሬ በዚያ ደን የቆመው እንጨት በ1854 ከነበረው ይበልጣል። ምስጢሩ የተሸሸገ አይደለም። የሚቆርጡት ደኑ በሚያድገው መጠን ነው፤ የታመመውንና ያረጀውን አንሥተው ጠንካራውን ለዘር ይተዋሉ። ግንዱን የሚሰነጥቀው መጋዝ ቤትም የራሳቸው ስለሆነ ሥራውና ደመወዙ እዚያው ይቀራል። ዘላቂ ኢኮኖሚ ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

አቅም አለን የሚሉት ሲገቡበትስ ምን ሆነ? በ1954 የአሜሪካ ምክር ቤት ለሜኖሚኒዎች የሚሰጠውን ሕጋዊ እውቅና የሚያቋርጥ ሕግ አወጣ። ሕጉ በ1961 ሥራ ላይ ሲውል የጋራ ሀብታቸው ወደ አንድ ኩባንያ ተዛወረ፤ በኩባንያው ውሳኔም የውጭ ሰዎች ድምፅ ገነነ። ሆስፒታላቸው ተዘጋ። ግብር ለመክፈል ሲባል የሐይቅ ዳር መሬት ተሸንሽኖ ለውጭ ሰዎች ተሸጠ። እውቅናው የተመለሰው በ1973፣ አዳ ዲር ከወገኖቿ ጋር ሆና ባካሄደችው ብርቱ ትግል ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በጥንቃቄ የተያዘ ሀብት በጥቂት ዓመታት ተናጋ፤ ያናጉት ደግሞ አቅም የላቸውም የተባሉት አልነበሩም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።

ገንዘብ የሚያባክን የማኅበር መሪ ፈጽሞ የለም አልልም። ኦዲት የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ ለማኅበረሰቡም ለለጋሹም እኩል ይሠራ። አሁን አቅም እየተባለ የሚለካው ግን ወፍራም ቅጽ በባዕድ ቋንቋ መሙላት ነው። በዚህ ሚዛን ደን ያሳደገው ሰው ይወድቃል፤ ስለ ደን ሪፖርት የሚጽፈው ያልፋል።

ደግሞ ይህ የአቅም ጥያቄ የሚነሣው ሲሰጥ ብቻ ነው፤ ሲወሰድ አይነሣም። የደቡባዊ አፍሪካ የሳን ሕዝቦች ረሃብ ለማስታገስ ሲጠቀሙበት የኖሩትን ሁዲያ የተባለ ተክል፣ አንድ የደቡብ አፍሪካ የምርምር ተቋም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሳያማክራቸው የፈጠራ መብት አወጣበት። የጥቅም መጋራት ስምምነት የተፈረመው በ2003፣ ከብዙ ጩኸት በኋላ ነው። ዕውቀታቸው ሲወሰድ ቅጽ ሙሉ ያላቸው አልነበረም።

ስለዚህ ኃላፊው ሌላ የአቅም ግንባታ ሥልጠና አያዘጋጁልን። መጀመሪያ የመሬቱ ባለቤትነት በማኅበረሰቡ ስም ይጻፍ። በ2013 በሕንድ ኒያምጊሪ ተራሮች 12 የመንደር ጉባኤዎች የቦክሳይት ማዕድን ማውጣትን በአንድ ድምፅ እንዳልተቀበሉት ሁሉ፣ ማኅበረሰቡ የቀረበለትን ፕሮጀክት እምቢ የማለት መብቱ ይከበር። ከዚያም እያንዳንዱ ለጋሽ ከሰጠው ገንዘብ ስንቱ በመካከለኞች ደመወዝ፣ አበልና ጉዞ እንደቀረ በየዓመቱ አውጥቶ ያሳየን። ስለ አቅም የምንነጋገረው ያ ሂሳብ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነው።