የዲዮቅልጥያኖስ ቤት የታጠበ ልብስ ተሰጥቶበታል

ሰማዕታትን ያሰየፈው የሮማ ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ቤት እንዳለው፣ ያውም ከባሕር ዳርቻ፣ ያውም ዛሬም ሰው የሚኖርበት ቤት እንዳለው አላውቅም ነበር። ስሙን የማውቀው እንደ ሁላችሁም ከስንክሳር ነው። እነ ቅዱስ ሚናስ የተሠዉት በእርሱ ዘመን ነው። ግብፆች ዓመታቸውን መቁጠር የሚጀምሩት እርሱ ከነገሠበት ከ284 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛም አባቶች ዓመተ ሰማዕታት ይሉታል። ከጀርመን ወደ ክሮኤሽያ ለዕረፍት ስንወርድ ሐሳባችን ባሕሩ ነበር። ስፕሊት የምትባለው ከተማ ግን እምብርቷ የሰውየው ቤተ መንግሥት ሆኖ ተገኘ።

ልትጠይቀኝ የመጣችው እናቴ አብራኝ ነበረች። የማን ቤት እንደሆነ ስነግራት አማተበችና ከበሩ ቆመች። «ያ ከሐዲ? እዚህ ምን ይሠራል?»

ጡረታ ወጥቶ ነው የመጣው። በ305 ዙፋኑን በገዛ ፈቃዱ ለቅቆ ወደ ተወለደበት አካባቢ ተመለሰ። (ሥልጣን በገዛ ፈቃድ መልቀቅ የሚለውን ደጋግሞ ያነበበ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።) ተመልሶ እንዲነግሥ ሲለምኑት «በእጄ የተከልኩትን ጎመን ብታዩ ኖሮ ይህን አትጠይቁኝም ነበር» አለ ይባላል። ይህን ለእናቴ ተረጎምኩላት። «ታዲያ ጎመኑን ቀደም ብሎ ቢተክል ምን ነበረበት?» አለች።

መቃብሩን ስታይ ግን ፊቷ ፈካ። ንጉሡ ለራሱ ያሠራው ባለ ስምንት ማዕዘን መቃብር ዛሬ ካቴድራል ነው። የተሰየመውም በ304፣ በእርሱ ዘመን፣ በተሠዋው፣ በጎረቤት ከተማ በሳሎና ጳጳስ በቅዱስ ዶምንዮስ ስም ነው። የንጉሡ አጽም የት እንደገባ አይታወቅም። ጎን ያለው የሮማውያን ጣዖት የጁፒተር ቤተ መቅደስም የክርስትና ማንሻ ሆኗል። እናቴ ደጃፉን ተሳልማ ገባች።

እኔን የቆጠቆጠኝ ሌላ ነገር ነው። በሰባተኛው መቶ ዓመት ጎረቤት ከተማዋ ሳሎና ስትጠፋ ሕዝቡ ሸሽቶ ባዶውን ቤተ መንግሥት ተቀራመተው። አዳራሹን በግድግዳ ከፋፈለ፣ በዓምዶቹ መካከል መስኮት አወጣ፣ ከቅስቱ ሥር ሱቅ ከፈተ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም። በአንዲት ጠባብ መንገድ ስናልፍ አንዲት አሮጊት በነጠላ ጫማ መስኮት ላይ ቆመው ከግድግዳ ወደ ግድግዳ የተዘረጋውን ገመድ እየሳቡ እርጥብ አንሶላ ያሰጣሉ። ገመዱ የታሰረው ዲዮቅልጥያኖስ ባሠራው ግንብ ላይ ነው። ውኃው አንድ አስጎብኚ ላይ ተንጠባጠበ፤ ሰውየው ንግግሩን ሳያቋርጥ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ። አሮጊቷም ወደ ታች አላዩም።

እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። የፋሲል ግንብና የስፕሊት ቤተ መንግሥት በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በአንድ ዓመት፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛን 900 ሜትር ርዝመት ያለው አጥር ይከበዋል፤ በር አለው፣ ዘበኛ አለው፣ ሲመሽ ይዘጋል። ልጅ ሆኜ በየቀኑ በሥሩ እያለፍኩ የገባሁት ትምህርት ቤት ሲያስጎበኘን ብቻ ነበር። በፋሲል አዳራሽ ወጥ ይሠራ አላልኩም። ግን እኛ ዘንድ ቅርስ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ሰውን ማራቅ ለምን ሆነ? በላሊበላ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖር የነበረው ነዋሪ ለጥበቃው ተብሎ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ እነ ዶሮ ማነቂያ ሰውም ቤትም አብረው ተነሡ። አንዱ ጋ ድንጋዩ ቀረ፣ ሰው ሄደ፤ ሌላው ጋ ሁለቱም ሄዱ። የሚያጽናናኝ የፋሲል መዋኛ ብቻ ነው፤ የቀሐ ውኃ ተሞልቶበት ጎረምሳው ለጥምቀት ዘሎ ሲገባበት ያ ግንብ ለአንድ ቀንም ቢሆን የባለቤቱ ይሆናል።

ስፕሊቶች ቅርስ በመጠበቅ የተመሰገኑ ጨዋዎች ስለሆኑ አይደለም። ከባሕሩ በኩል ካለው ቤት በታች ሰፋፊ ምድር ቤቶች አሉ። ከላይ የሰፈረው ሕዝብ ወለሉን እየበሳ ቆሻሻውን ለብዙ መቶ ዓመታት ወደዚያ ደፋ፤ ምድር ቤቱ እስከ ጣሪያው ሞላ። ባለፈው መቶ ዓመት ቢጠረግ ከሥሩ የተገኘው ከነግምቡ ከነቅስቱ ደኅና ነው። የላይኛው ቤት ፈርሶ የጠፋው ክፍል ምን ይመስል እንደነበር የታወቀውም ከምድር ቤቱ ቅርጽ ነው። መግቢያው በትኬት ነው። እናቴ ዩሮውን ስቆጥር አይታ «ለቆሻሻ መጣያ ነው ይህን ሁሉ የምትከፍይው?» አለችኝ፤ መልስ አላገኘሁላትም።

መክፈል ካነሣን፣ በዋናው አደባባይ ደረጃ ላይ ትራስ ተደርድሯል። እናቴ እግሯን ብላ አንዱ ላይ አረፍ አለች፤ አስተናጋጅ ከየት መጣ ሳይባል ምን ልታዘዝ አለ። ትራሱ ላይ የተቀመጠ ያዝዛል፣ ባዶው ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ነፃ ነው። «ደረጃው የንጉሡ፣ ትራሱ የቡና ቤቱ» ብላ ወደ ድንጋዩ ፈቀቅ አለች። ፊት ለፊታችን ዲዮቅልጥያኖስ ከግብፅ ያስመጣው፣ ዕድሜው ከ3,000 ዓመት የሚበልጥ ጥቁር ስፊንክስ (የሰው ራስ ያለው የአንበሳ ሐውልት) ተጋድሟል፤ ከሥሩ የሮማ ወታደር ልብስ የለበሱ ጎልማሶች ፎቶግራፍ ለሚነሣ ሁሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ። በየበሩም ባለ ቁጥር የቁልፍ ሣጥን ተለጥፏል፤ ነዋሪው ቤቱን ለቱሪስት እያከራየ ወደ ዳር እየወጣ ነው። ያረፍንበት ክፍልም እንዲሁ ዓይነት ነበር። አንሶላ የሚያሰጡት አሮጊት ጎረቤት የቀራቸው አይመስለኝም።

ቢሆንም የወርቅ በር በሚባለው ገብቼ የብር በር በሚባለው ስወጣ ማንም ፓስፖርት አልጠየቀኝም። አምና አገር ቤት ከእናቴ ጋር አንድ ጥንታዊ ቦታ ልናይ ሄደን ትኬት ቆራጩ እናቴን በብር፣ እኔን እንደ ውጭ አገር ሰው አስከፈለ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን አወጣሁ። «ይህ ለቪዛ እንጂ ለትኬት አይሠራም» አለኝ። እናቴ «አምጬ የወለድኳት እኮ ነች!» ብትለው «እማማ፣ ደንብ ነው» አላት። በአማርኛ ተከራከርኩ፣ በአማርኛ ለመንኩ፣ በመጨረሻም በአማርኛ ተቆጣሁ። ሁሉንም በትዕግሥት ሰምቶ ገንዘቤን ተቀበለና አስጎብኚ እንደምፈልግ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ።