የወንበሩ ባለቤት ይታወቃል፤ ጠራቢውስ?

በአገራችን ሙዚየሞች ውስጥ ከእንጨት የተጠረቡ ወንበሮች፣ ብርኩማዎች፣ በሮችና ዙፋኖች በቀረቡበት ክፍል የሚያልፍ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው ዕቃው የማን እንደነበረ፣ ከየትኛው አካባቢ እንደመጣና ለምን ያገለግል እንደነበረ የሚናገር አጭር ጽሑፍ ነው። ይህ መረጃ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም። ዕቃው ከምን ዛፍ እንደተሠራ፣ በምን መሣሪያ እንደተጠረበ፣ ምን ዓይነት ዕውቀት እንደጠየቀና በማን እጅ እንደተሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ ማግኘት ግን ብርቅ ነው። ዕቃው ላይ የተቀመጠውን ሰው እያስታወስን የጠረበውን መርሳታችን የእንጨት ቅርጻችንን በሚገባው ዐይን እንዳናይ አድርጎናል ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ሙዚየሞቻችን ይህን ልማድ እንዲለውጡ ለመጠየቅ ነው።

የጅማን ወንበር እንውሰድ። ሦስት እግር ያለውና መደገፊያው ከመቀመጫው ጋር አንድ የሆነው ይህ ወንበር ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው። ምስማር የለውም፣ ማጣበቂያ የለውም፣ አንዱ አካል ከሌላው የተጋጠመበት ቦታም የለውም። ጎብኚዎች ፊት ለፊቱ ቆመው የመደገፊያውን ጌጥ ያዩና ያልፋሉ። ወንበሩን በእርግጥ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን ጎንበስ ብሎ ሥሩን ማየት ይኖርበታል። ከሥር እግሮቹ ከመቀመጫው የሚነሡበት ቦታ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም የመጥረቢያው ምት ሳይለሰልስ እንደነበረ የሚቀረው በዚያ ነው። ጠራቢው መቀመጫውን ከላይ ሲያሰረጉድ ከሥር ምን ያህል ውፍረት እንደቀረው በዐይኑ ሳይሆን በእጁና በልቡ መለካት ነበረበት፤ ትንሽ ካበዛ ይበሳዋል፣ ትንሽ ከተወ ወንበሩ ለማንሣት የሚከብድ ጉቶ ሆኖ ይቀራል። ጣውላ ገጣጥሞ የሚሠራ አናጢ አንድ እግር ቢበላሽበት ሌላ እግር ይቆርጣል። ከአንድ ግንድ የሚጠርብ ሰው ግን ያነሣውን መመለስ ስለማይችል፣ የመጀመሪያዋን ምት ከማሳረፉ በፊት ወንበሩ ሙሉ ሆኖ በአእምሮው ውስጥ መቆም አለበት።

እግሮቹ ሦስት የሆኑትም በአጋጣሚ አይደለም። ሦስት እግር ያለው ዕቃ ወጣ ገባ በሆነ የአፈር ወለል ላይ ሳይነቃነቅ ይቆማል፤ አራት እግር ያለው ግን በእንዲህ ያለው ወለል ላይ አንዱ እግሩ ይንጠለጠላል። ዛሬ ወንበሩን በተወለወለ የሙዚየም ወለል ላይ ስናየው ይህ ብልሃት ከዐይናችን ይሰወራል፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ግን ማስረዳት ይቻል ነበር።

ስለ እንጨቱም ሊነገር የሚገባው ብዙ ነገር አለ። የዚህ ወንበር ዋነኛ እንጨት ዋንዛ ነው። ዋንዛ በጅማና በአካባቢው የቡና ጥላ ሆኖ የሚያድግ ዛፍ ስለሆነ፣ ቡና የሚበቅልበት አገር ለጠራቢውም መልካም እንጨት በደጁ ያስገኝለት ነበር። ለመሣሪያ እሺ ይላል፣ ቀለሙ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል፣ ከበሮም በርም ሣጥንም ይወጣዋል። ርጥብ ሳለ መጥረቡ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ርጥብ ተጠርቦ በችኮላ የደረቀ እንጨት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ወፍራሙና ቀጭኑ ክፍል እኩል እየደረቁ እንዲሄዱ ማድረግ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በአሮጌ ወንበሮች ላይ የምናያቸው ስንጥቆች፣ አንዳንዶቹም በሽቦ ወይም በቆርቆሮ የተጠገኑት፣ ይህን የእንጨትና የሰው ትግል በግልጽ ያሳያሉ። ጥቁረቱና ልስላሴውም እንዲሁ በአንድ ቀን የመጣ ሳይሆን የምድጃ ጢስ፣ ቅቤ የነካው እጅና የብዙ ዓመታት መቀመጥ የሰጡት ነው። ይህን ገጽታ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ መወልወልና ቫርኒሽ መቀባት የዕቃውን ታሪክ ማጥፋት መሆኑን ለዕቃ ጠባቂዎች ሁሉ ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል።

በጅማ ከተማ ያለው ሙዚየም በተለይ የሚታወቀው በዳግማዊ አባ ጅፋር ዕቃዎች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት እኚህ ንጉሥ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በጅሬን የሚገኘው የእንጨት ሰገነት ያለው ቤተ መንግሥታቸውም እስከ ዛሬ ይጎበኛል። የንጉሡ ስም ከዕቃዎቹ ጋር መጠራቱ ተገቢ ነው። በአዲስ አበባው ብሔራዊ ሙዚየም የሚታየው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ግዙፍ የተቀረጸ ዙፋንም እንዲሁ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ስም ሊታሰብ አይችልም። የሚያሳዝነኝ ሰዉ በዙፋኑ ፊት ሲቆም የሚጠይቀው ማን ተቀመጠበት ብቻ መሆኑ፣ ሙዚየሞቻችንም ሌላ ጥያቄ እንዲጠይቅ አለማነሣሣታቸው ነው።

ይህ ልማድ ምን ያህል ሊያርቀን እንደሚችል ሐረር ላይ ማየት ይቻላል። የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጠራው ሙዚየም ከሐረር ጌጦች አንዱ ነው፤ ከፍ ያለው የእንጨት ፊቱና በጌጥ የተሞላው ሥራው ከሩቅ ይስባል። ነገር ግን ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1891 ያረፈ ሲሆን፣ ቤቱን ያሠራው ከእርሱ ሞት በኋላ በሐረር ይነግድ የነበረ ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ባለቅኔው በዚያ ቤት አልኖረበትም። ቤቱ ግን በስሙ ይጠራል፤ ጎብኚውም ስለ ባለቅኔው ሕይወት ብዙ አንብቦ ይወጣል። ያን እንጨት ማን ቀረጸው? ቀራጩ ከህንድ የመጣ ነበር ወይስ ከህንዶች ጋር እየሠራ የተማረ የአገር ልጅ? በሐረር ግንብ (ጀጎል) ውስጥ ባሉ ቤቶች በርና በዚህ ቤት ጌጥ መካከል ያለው ዝምድናስ ምንድን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል ሊሰጣቸው የሚገቡ ናቸው፤ ምክንያቱም ሐረር ከህንድ ውቅያኖስ ማዶ ጋር የነበራት ግንኙነት ከማንኛውም ሰነድ ይልቅ በእነዚህ እንጨቶች ላይ ይነበባል።

በሌላ አገር ነገሩ እንዴት እንደተያዘ ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ከሊንደን እንጨት የተቀረጸ የአንገት ዳንቴል አለ። ክሩ ሁሉ ተቆጥሮ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ረቂቅ ነው። የቀረጸው ግሪንሊንግ ጊበንስ ሲሆን፣ ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1648 በሮተርዳም ተወልዶ በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናትና ቤተ መንግሥታት የሠራ እንጨት ቀራጭ ነበር። ሆራስ ዋልፖል የተባለው መኳንንት እ.ኤ.አ. በ1769 ይህን የእንጨት ዳንቴል በአንገቱ አስሮ እንግዶችን እንደተቀበለ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ዕቃው የሚታወቀው በጊበንስ ስም ነው፤ የዋልፖል ታሪክ ማጣፈጫ ሆኖ ከኋላ ይከተላል። እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ እንዲያውም የጊበንስ ቦታ ባዶ ነው።

ባዶ የሆነበት ምክንያት አለ፤ ምክንያቱም የሚያኮራ አይደለም። በአገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው ለዘመናት ሲናቅ ኖሯል። በጉራጌ የቤቱን ምሰሶ የሚያቆሙት የእንጨት ጥበበኞች፣ ቤቱ ያለ እነርሱ የማይቆም ሆኖ ሳለ፣ በቀደመው ሥርዓት መሬት እንዳይዙና ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተከልክለው፣ እዚህ ልደግመው በማልፈልገው የስድብ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። በሌሎች አካባቢዎችም አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂውና ሸማኔው ዕጣቸው ተመሳሳይ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን መከልከላቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያመለክታል። ጠራቢው በዚህ ዐይን በሚታይበት ዘመን ወንበሩን ተቀብሎ ስሙን የሚጠይቅና የሚመዘግብ ሰው ከየት ይገኛል? ከውጭ የመጡት ሰብሳቢዎችም ቢሆኑ የተሻለ አላደረጉም። እነርሱ በበኩላቸው የሕዝቡን ስም ጽፈው የሰውየውን ስም ተዉት፤ በዚህም የተነሣ በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች ያሉ የእኛ ብርኩማዎች አንድ ሙሉ ሕዝብ በአንድነት የጠረባቸው ይመስል በብሔረሰብ ስም ብቻ ተመዝግበው ይገኛሉ። ሙዚየሞቻችን ያንን ዝምታ ወርሰው ዛሬም ይዘውት መቀጠላቸው ግን ግዴታ አይደለም።

የእንጨት ሥራ በታሪካችን ያለውን ቦታ አሳንሰን የምናየውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ስለ ጥንታዊ ጥበባችን ስንናገር አፋችን የሚሟሸው በድንጋይ ነው። ነገር ግን የአክሱምን ሐውልቶች ቀረብ ብሎ ያያቸው ሰው ድንጋዩ እንጨትን ሲመስል ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሮም የተመለሰው 24 ሜትር ርዝመት ያለው ሐውልትም ሆነ ወድቆ የተሰበረው 33 ሜትር የሚሆነው ታላቁ ሐውልት፣ መስኮቶቻቸው፣ አግዳሚ እንጨቶቻቸውና የዝንጀሮ ራስ እየተባሉ የሚጠሩት የወጡ ክብ ጫፎቻቸው ሁሉ የእንጨት ቤት ግንባታ በድንጋይ ላይ የተቀረጸባቸው ናቸው። የላሊበላም አብያተ ክርስቲያናት ያንኑ የእንጨት መስኮት በዓለት ላይ ደገሙት። የድንጋይ ጠራቢው መምህር እንጨት ሠራተኛው ነበር ማለት ነው፤ የመምህሩ ሥራ ግን በምስጥ፣ በእሳትና በዝናብ አለቀ።

ያላለቀው ጥቂቱ ደግሞ ከማንኛውም ሙዚየም በላይ ዋጋ አለው። በትግራይ በገመድ በሚወጣበት በደብረ ዳሞ አምባ ላይ ያለው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ጣራው በተቀረጹ የእንጨት ገበታዎች የተሸፈነ ነው፤ በእነርሱም ላይ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ግመልና ሚዳቋ ይታያሉ። ከላሊበላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በዋሻ ውስጥ ባለው በይምርሐነ ክርስቶስም ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ ከተሠራው ግንብ ውስጥ የገባ ሰው ራሱን ቀና ሲያደርግ የተቀረጸና ቀለም የተቀባ የእንጨት ጣራ ያያል። ይምርሐነ ክርስቶስን ማንም ሄዶ ሊያየው ይችላል። ደብረ ዳሞ ግን በገዳሙ ሥርዓት ሴቶች የማይወጡበት አምባ ነው። ሥርዓቱን አከብራለሁ፤ ከሕዝቡ እኩሌታ የሚሆነው ግን ያንን ጣራ በሕይወቱ ሊያየው አይችልም። አንድ ሙዚየም ከገዳሙ ጋር ተስማምቶ የእነዚያን ገበታዎች ጥሩ ፎቶግራፍ በእውነተኛ መጠናቸው፣ ቢቻል ደግሞ በዛሬ ጠራቢዎች እጅ የተሠራ ቅጂያቸውን ቢያቀርብ ከዚህ የበለጠ አገልግሎት አላውቅም።

በእርግጥ የተቀረጸ እንጨት ሁሉ ለመታየት የተሠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ተዘርፈው ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙት አሥራ አንድ ታቦታት ማንም እንዳያያቸው ተሸፍነው ተቀምጠዋል፤ ማንም የማያየውን ነገር ሙዚየም ይዞት መቆየቱ ትርጉም ስለሌለው ወደ ቤታቸው መመለስ ይገባቸዋል። የኮንሶ ዋካዎችም ለጀግና መቃብር የሚቆሙ ምስሎች ናቸው፤ ጀግናው ከቤተሰቡና ከገደላቸው ጠላቶች ጋር በኅብረት ይቆማል። ሌባ አንዱን ነቅሎ ሲሸጠው ቀሪዎቹም ትርጉማቸውን ያጣሉ፤ ስለዚህ ተሰርቀው የተመለሱ ዋካዎች በኮንሶ በራሷ ሙዚየም ውስጥ መቀመጣቸው ደግ ሥራ ነው።

በዚህ ረገድ ተስፋ የሚሰጥ ነገር የለም ማለት አይደለም። በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት ቅደም ተከተል ማቅረቡ ብልህነት ነው፤ ጎብኚው ዕቃውን ከሚጠቀምበት ሰው ጋር ያገናኘዋል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው አንድ እርምጃ ከሠራው ሰው ጋር ማገናኘት ነው። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከወንበሩ ሥር መስታወት ማኖር፣ ከጎኑ ምሳሩንና መጥረቢያውን እንዲሁም ግማሽ ድረስ ተጠርቦ የቀረ አንድ ግንድ ማቆም፣ የዋንዛውን፣ የወይራውንና የጥዱን ቁራጭ ጎብኚው እንዲዳስሰው ማቅረብ፣ ልጆችም በጣታቸው የእንጨቱን ጅማት እየተከተሉ ጠራቢው ለምን በዚያ አቅጣጫ እንደሄደ እንዲጠይቁ ማድረግ በአንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ የሚሆን ነገር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መዝገቡ መስተካከል አለበት። ዛሬም በጅማና በሌሎች አካባቢዎች ከአንድ ግንድ ወንበር የሚጠርቡ ሰዎች አሉ፤ የሚጠርቡት ዋንዛ ግን እየተመናመነ ከመሄዱ የተነሣ አቆራረጡ በሕግ የተገደበ ሆኗል፤ ልጆቻቸውም ወደ ሌላ ሥራ እየሄዱ ነው። ሙዚየሞች እነርሱን አግኝተው አሮጌዎቹን ወንበሮች ቢያሳዩዋቸው፣ የመጥረቢያውን ምት የሚያውቅ የጠራቢ ዐይን ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ሊነግራቸው ይችላል፤ አንዳንዱም የአባቱን ወይም የመምህሩን እጅ ሊለይ ይችላል። ከአሁን በኋላ የሚገባው ዕቃ ሁሉ በመዝገቡ ላይ ከባለቤቱ ቀጥሎ የጠራቢው ስም፣ መንደሩ፣ እንጨቱና መሣሪያው የሚሞላበት ቦታ ይኑረው። ስሙ የማይገኝለት አሮጌ ዕቃም ቢሆን በመግለጫው ላይ «የጠራቢው ስም ሳይመዘገብ ቀርቷል» ተብሎ ይጻፍለት፤ ይህን ያነበበ ጎብኚ አንድ ሰው እንደጎደለ ያውቃልና።