ፔጆ ላይ ግን አይሰራም!

አቦ፣ መኪናው በቆመበት ጎማ ስለማስጨስ የተጻፈው ጽሑፍ ደስ ይላል፤ ግን አንድ ነገር ተዘሏል። «የእጅ ፍሬን ስበህ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ ቤንዚን ስጥ፣ ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን) በአንዴ ልቀቅ፣ ጎማው ይጨሳል» ይላል። ይሄ የሚሰራው በፊት ጎማ ለሚጎተት መኪና ነው። ቪትዝ ከሆነ እሺ። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ነዋ! እኛ ድሬ ያለው ፔጆ 404 ግን የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ያንኑ መሽከርከር ያለበትን ጎማ ነው። ሞተሩ ተንገጫግጮ ይጠፋል።

እኔ በልጅነቴ የአጎቴን ፔጆ ይዤ ሳቢያን አካባቢ ባዶ ሜዳ ላይ ስሞክር ሦስቴ ጠፋብኝ። በአራተኛው ፈርቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ጭሱ መጣ፤ ግን ከጎማው አይደለም! የተቃጠለው ፍሪሲዮኑ ነበር። ያ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። አጎቴ ከሩቅ አሽትተው ነው የመጡት። በማግስቱ በዚያ መኪና የደንገጎን ዳገት ወጥተው ሐረር ሊገቡ ነበር። (ስለ ኩርኩሙ አልናገርም።)

የኋላ ገፊ ላይ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ትለቅና፣ ጎማው ሲዞር ግራ እግርህን ቶሎ ወደ ፍሬን ታሻግራለህ። ቀኙ ቤንዚን ላይ ይቆያል። ፔዳሉ ሦስት፣ እግር ሁለት! ፍሬኑን ደግሞ ለስለስ አድርገህ ነው የምትረግጠው፣ የፊቱን ለመያዝ ያህል። መሬቱ ላይ ውኃ ከተረጨ ይቀላል። ሰው ባለበት ግን አይሞከርም።

ለነገሩ አሮጌ ፔጆ ብዙ ጊዜ የሚያጨሰው አንዱን ጎማ ብቻ ነው። የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ለቀለለው ጎማ ይሰጣላ።