ኮሚኒቲ ኮሌጅ ቲያትርን ማስረሻ ቦታ አይደለም

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ሀበሻ ቤት ውስጥ ሃይስኩል የጨረሰ ልጅ ቲያትር ነው መማር የምፈልገው ካለ መልሱ ያው ነው፣ "እሺ ችግር የለም፣ መጀመሪያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ግባና ጀነራሉን ጨርስ ከዛ እናያለን።" ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሁለት አመት ኮሌጅ ነው፣ ጀነራሉ የሚባለው ደግሞ ሁሉም ተማሪ የሚወስደው አጠቃላይ ትምህርት ነው። መልሱ ለሰሚው ጥሩ ነው፣ እኔም ለእህቴ ልጅ ይሄንኑ ነው ያልኳት። ግን ከዛ እናያለን ስንል ልባችን ውስጥ ያለው እስከዛ ይወጣላታል የሚለው ነው፣ ልጆቹም ይሄን አሳምረው ያውቁታል።

ኮሚኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ወደ አራት አመት ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ማድረግ ለቲያትር ተማሪ ጥሩ መንገድ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ተዋናዩ ቶም ሃንክስ እንኳ ካሊፎርኒያ ቻቦት ኮሌጅ ጀምሮ ነው ሳክራሜንቶ ስቴት ቲያትር ሊማር የተሻገረው፣ ተዋናይዋ አኔት ቤኒንግም ሳንዲያጎ ሜሳ ኮሌጅ ጀምራ ነው ሳን ፍራንሲስኮ ስቴት የሄደችው። ግን እነሱ እዛ እያሉም ቲያትር ላይ ነበሩ። የኛ ልጆች ግን ቲያትሩን በር ላይ አስቀምጠው ነው የሚገቡት።

የእህቴ ልጅ ሶስት ሴሚስተር ሙሉ "ምናልባት ነርሲንግ ቢሻልሽ" እየተባለች አናቶሚና ኬሚስትሪ ወሰደች፣ ከሰዓት ስራ ትገባለች፣ አንድ የቲያትር ክላስ አልወሰደችም አንድ ኦዲሽን (የትወና ፈተና) አልሞከረችም። አድቫይዘሯ ክሬዲቱ ሁሉ ይሻገራል ብሏት ነበር። መሻገሩን ይሻገራል፣ ግን የሳይንስ ግዴታዋን ከሞላች በኋላ ያለው ትርፍ ሁሉ ኢሌክቲቭ (የምርጫ ክላስ) ተብሎ ነው የሚቆጠረው፣ ለቲያትር ሜጀሩ ምንም አይሰራም። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የመንግስት የትምህርት እርዳታ ደግሞ ማለቂያ የሌለው ነገር አይደለም፣ በሙሉ ጊዜ ተማሪ ሲሰላ ለእድሜ ልክ የሚሰጠው 12 ሴሚስተር ያህል ነው፣ ከዛ ላይ ሶስቱ ሄዱ።

ወላጆች በጣም እንድታውቁት የምፈልገው ነገር አለ፣ ማንም ቁጭ ብሎ አያስረዳንምና። ቲያትር በሁለት አይነት ዲግሪ ይሰጣል፣ ቢኤ (ባችለር ኦፍ አርትስ) እና ቢኤፍኤ (ባችለር ኦፍ ፋይን አርትስ)። ቢኤፍኤ ማለት ከመጀመሪያ አመት ጀምሮ አንድ ቡድን አብሮ እየሰለጠነ የሚያልፍበት ነው፣ በኦዲሽን ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ልጅቷ 60 ክሬዲት ይዛ የኮሚኒቲ ኮሌጁን የሁለት አመት አሶሼት ዲግሪ ጨርሳ ብትሄድም የትወናውን ስልጠና ብዙ ቦታ ከአንደኛ አመት ጀምሪ ይሏታል፣ ያኔ "ሁለት አመት ሲደመር ሁለት አመት" ያልነው ሂሳብ አምስት ስድስት አመት ይሆናል። ቢኤ ግን ሰፋ ያለ ነው፣ ጀነራሉን ተቀብሎ ለሶስተኛ አመት ያስገባል፣ ሌላ ሜጀርም አብሮ ለመያዝ ቦታ አለው። ከኛ ሰፈር ብንነሳ ኮሌጅ ፓርክ ያለው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቲያትርን በቢኤ ነው የሚሰጠው፣ ዲሲ ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በቢኤፍኤ። የትኛው ጋ እንደምትሄድ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ካልታወቀ የምትወስደው ክላስ ሁሉ ግምት ነው።

ሌላው መድረኩ ነው። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ላይ አንደኛ አመት የገባ ልጅ ከሱ በፊት የገቡትን ሁሉ አልፎ ነው ሮል የሚያገኘው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ላይ ሶስተኛና አራተኛ አመት የሚባል የለም፣ ስለዚህ የ19 አመት ልጅ ዋና ገጸ ባህሪ ልትሆን ትችላለች፣ ከስራ በኋላ ከሚመጣ የ50 አመት ሰውዬ ጋር ትጫወታለች፣ ሮል ባይደርሳትም መብራት ትይዛለች፣ ስቴጅ ማኔጀሩን ታግዛለች፣ ልብስ ትሰፋለች። ለትራንስፈር ኦዲሽን ሁለት ሞኖሎግ (ብቻዋን የምትጫወተው ቃለ ተውኔት) ይዛ ስትቆም የሚታየው ይሄ ሁሉ ነው፣ ማታ ልምምድ ላይ ያልነበረች ልጅ በአንድ ወር ዝግጅት አታመጣውም።

ቤተሰብ ውስጥ አንድ አጎታችን ሁሌ የሚያነሳት ነገር አለች፣ "ሎሬት ጸጋዬስ መጀመሪያ ሕግ አይደል እንዴ የተማረው?" ይላል። እውነት ነው ሕግ ተምሯል፣ ለንደንና ፓሪስ ቲያትር ሊያጠና የሄደው ከዛ በኋላ ነው። ግን ጸጋዬ ገብረመድኅን እኮ ገና አምቦ ተማሪ ቤት እያለ የጻፈው ቲያትር ጃንሆይ ፊት ታይቷል፣ ሕጉን እስኪጨርስ ብዕሩን ቁጭ አላደረገም።

የወላጅ ፍርሃት ይገባኛል። እህቴ ሁለት ስራ ነው የምትሰራው፣ ልጇ ነገ የቤት ኪራይ እንዳይቸግራት ነው የምትጨነቀው፣ ይሄን ጥፋት ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ግን ፍርሃታችንን ፊት ለፊት እንንገራቸው፣ "ስራ የማታገኚ መስሎኝ ፈርቻለሁ" ማለት ሶስት ሴሚስተር በከንቱ ከማስኬድ ይሻላል፣ ቢያንስ ስለ መብራት ስለ ስቴጅ ማኔጅመንት ስለ ማስተማር ቁጭ ብሎ መነጋገር ይመጣል።

አሁን ልጅቷ አንድ የትወና ክላስና አንድ የመድረክ ስራ ክላስ ይዛለች። ባለፈው እኔም አጠገቧ ሆኜ ልትሄድበት ለምታስበው ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ክፍል ኢሜል ጻፈች፣ የወሰደቻቸውን ክላሶች ዘርዝራ የትኛው ለሜጀሩ ይቆጠራል ብላ ጠየቀች። በአራት ቀን መለሱላት፣ እያንዳንዱ ክላስ አጠገብ ይቆጠራል ወይም አይቆጠርም ብለው። ይሄን ኢሜል የዛሬ ሁለት አመት፣ ሬጂስተር ሳታደርግ፣ መጻፍ እንችል ነበር።