እርማት፦ የኖርማንዲው ድምፅ ቀጥታ ስርጭት አልነበረም

ወንድሜ፣ ትናንት ፒያሳ ቡና ስንጠጣ «አሜሪካኖች የኖርማንዲን ውጊያ በሬዲዮ ቀጥታ ሰሙት» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል፣ ግን ተሳስቷል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካና አጋሮቿ ጀርመን በያዘቻት ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ጦር ያወረዱበት ቀን ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. ነው፤ ጎንደራችን ከጣሊያን ነፃ ከወጣች ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም። ወሬውን መጀመሪያ ያወጣው የጀርመን ዜና ወኪል ነበር። የአሜሪካ ጣቢያዎች እሱን እየጠቀሱ፣ «አልተረጋገጠም» እያሉ ሌሊቱን ቆዩ። ይፋዊው መግለጫ ከለንደን የተነበበው በኒውዮርክ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9:32 ላይ ነው።

ዛሬ «ቀጥታ» እየተባለ የሚዞረው የተኩስ ድምፅ የአሜሪካዊው የሬዲዮ ጋዜጠኛ የጆርጅ ሂክስ ዘገባ ነው። ሰውየው የባሕሩ ዳርቻ ላይ አልነበረም። አንኮን የምትባል የጦር መርከብ ላይ ሆኖ፣ የጀርመን አውሮፕላኖች ሲመጡና ከታች ሲተኮስባቸው ያየውን እየተናገረ በመቅረጫ ቀዳው፣ ሕዝቡም የሰማው ቅጂውን ነው፣ በኋላ። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ያኔ የተቀረጸ ድምፅ ማሰራጨት አይወዱም ነበር፣ ለዚህ ግን በሩን ከፈቱ። ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

በዚያ ቀን በእውነት ቀጥታ የተሰማውን ከፈለግህ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ያደረሱትን ጸሎት ስማ።